ጋን ቻርጀር ልግዛ ወይስ ነባሩ ይበቃኛል?

ለዓመታት የላፕቶፔ ቻርጀር ከላፕቶፑ የማይተናነስ ቦታ ይይዝብኝ ነበር። ጡብ የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ በግራና በቀኝ ረጅም ገመድ። ቦርሳ ውስጥ ከገባች ሌላው ዕቃ መግቢያ ያጣል። አንድ ቀን ታዲያ የሥራ ባልደረባዬ ከኪሱ እፍኝ የማትሞላ ነጭ ነገር አወጣና ላፕቶፑን ሰካባት። «ይቺ ላፕቶፕ ትሞላለች?» አልኩት። «ስልኬንም አብራ» አለኝ።

ጋን ቻርጀር ነበረች። ስሟ ለአማርኛ ጆሮ ትንሽ ያስቃል። እኛ ጋን የምንለው ሰው ሊደበቅበት የሚችለውን ትልቁን የሸክላ ዕቃ ነው። ይሄኛው ጋን ግን ትንሽነቱን ነው የሚሸጠው። ጋሊየም ናይትራይድ የሚለው ስም በአጭሩ ሲጠራ ነው ጋን የሆነው፤ ጋሊየምና ናይትሮጅን የተዋሃዱበት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ ጋን ስልክ ቶሎ ይሞላል ብለው ያስባሉ። አይሞላም። ማለቴ፣ ጋን ስለሆነ ብቻ አይሞላም። 30 ዋት የሚሰጥ ጋን ቻርጀርና 30 ዋት የሚሰጥ ነባር ቻርጀር፣ ሁለቱም ከስልኩ ጋር ከተግባቡ፣ የሚፈጅባቸው ጊዜ እኩል ነው። የሚለያዩት በመጠን፣ በክብደትና በሙቀት ነው። ተጨማሪ ገንዘብ የምትከፍሉትም ለእነዚህ ነው።

ትንሽ የሆነው በምን ተአምር ነው?

ቻርጀር ከግድግዳው ሶኬት ከፍተኛ ቮልቴጅ ይቀበልና ስልካችሁ ወይም ላፕቶፓችሁ የሚችለውን ያህል አሳንሶ ይሰጣል። መንገዱ ግን ቀጥተኛ አይደለም። መጀመሪያ ኤሲውን፣ ማለትም አቅጣጫውን የሚቀያይረውን የግድግዳ ኤሌክትሪክ፣ ወደ ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈሰው፣ ይቀይረዋል። 220 ቮልት መስመር ላይ ከሆናችሁ በዚህ ደረጃ ሳጥኑ ውስጥ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ አለ። ቀጥሎ አንድ ትራንዚስተር እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ ይህን ኃይል በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። የተቆራረጠው ኃይል በትራንስፎርመር አልፎ ይቀንሳል። በመጨረሻም እንደገና ዲሲ ሆኖ በኬብሉ ይወጣል።

ቁልፉ ያለው መክፈት መዝጋቱ ላይ ነው። ውሃ ከምንጭ ወደ ቤት የምታመላልሱ አድርጋችሁ አስቡት። በሰዓት አንዴ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ በርሜል ያስፈልጋችኋል። በየደቂቃው የምትመላለሱ ከሆነ ግን ጆግ ይበቃል። ማታ ቤት የሚገኘው ውሃ ያው ነው። ትራንስፎርመሩ መያዣው ነው፤ ትራንዚስተሩ ደግሞ ተመላላሹ። ምልልሱ በፈጠነ ቁጥር መያዣው ያንሳል። ቻርጀር ውስጥ ትልቁን ቦታ ከሚይዙት አንዱ ትራንስፎርመሩ ስለሆነ፣ እሱ ሲያንስ ሳጥኑም ያንሳል።

የነባሩ ቻርጀር ትራንዚስተር የሚሠራው ከሲሊኮን ነው። ታዲያ ሲሊኮኑን ለምን ዝም ብለው አላፈጠኑትም? ትራንዚስተር በከፈተና በዘጋ ቁጥር በመሃል አንዲት ቅጽበት አለች። ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፣ ሙሉ በሙሉም አልተዘጋም። በዚያች ቅጽበት ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል። ሲሊኮን ላይ ይህ ብክነት ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የተለመዱት ቻርጀሮች ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 100 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይሠራሉ፤ አንድ ኪሎኸርዝ በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ቢገፉ ሙቀቱ አያስቀምጣቸውም። ጋን ግን ቶሎ ስለሚከፍትና ስለሚዘጋ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎኸርዝ ሊሠራ ይችላል። ጋን የተባለው ሁሉ እስከዚያ ይሮጣል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ አምራች ከፍጥነቱ ይልቅ ሙቀት መቀነሱን ይመርጣል።

ምሥጢሩ ከቁሱ ባሕርይ ነው። በሲሊኮን ውስጥ ኤሌክትሮን ታስሮ ካለበት ተላቆ ኤሌክትሪክ ለመሸከም መዝለል ያለበት ክፍተት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። በጋሊየም ናይትራይድ 3.4 ነው። ቁሱ በቮልቴጅ ብዛት ከመሸነፉ በፊት የሚችለው ጫናም ከሲሊኮን አሥር እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ያንኑ ቮልቴጅ ለመቻል በጣም ስስ ሽፋን ይበቃዋል። መንገዱ ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፤ ለመክፈትና ለመዝጋትም ጥቂት ኃይል ይበቃል።

በነገራችን ላይ ይህ ቁስ ለቤታችሁ እንግዳ አይደለም። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ የሚሠራው ከእሱ ነው፤ ነጩ የኤልኢዲ አምፖልም ከዚያው ሰማያዊ የተነሳ ነው። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በዚህ ሥራ ነው። ቻርጀሩ ከአምፖሉ ዘግይቶ መጣ እንጂ ቁሱ አብሮን ከኖረ ቆይቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ጋን ቻርጀር» ሲባል ሁለመናው ጋን የሆነ ይመስላል። አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጋን የሆነው ኃይሉን የሚከፍትና የሚዘጋው ትራንዚስተር ብቻ ነው። የሚቆጣጠረው ቺፕ ሲሊኮን ነው። ጋኑ ራሱ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚነጠፈው በሲሊኮን ላይ ነው። ይህን የማነሳው ለማንኳሰስ አይደለም። የአንድ ቻርጀር ጥራት በአንድ ክፍል አይወሰንም ለማለት ነው። ካፓሲተሩ (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅመው ክፍል) ርካሽ፣ ብየዳው ዝርክርክ ከሆነ ጋኑ አያድነውም።

ሙቀቱ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

ሒሳቡን እንሥራው። ሁለት ባለ 65 ዋት ቻርጀሮች አሉ እንበል። ነባሩ ከተቀበለው ኃይል 87 በመቶውን ያሳልፋል፤ ጋኑ 93 በመቶውን። ሁለቱም በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ ነባሩ ወደ 10 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል። ጋኑ 5 ዋት ገደማ። ስድስት በመቶ ብቻ ይመስል ነበር፣ አይደል? ሙቀቱ ግን በግማሽ ቀነሰ።

እዚህ ላይ «ታዲያ የኔ ጋን ለምን እጅ ያቃጥላል?» የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሙቀቱ ቢቀንስም የሚወጣበት ገላ ደግሞ አንሷል። 10 ዋት በትልቅ ሳጥን ላይ ሲበተን ለብ ይላል። 5 ዋት በትንሽ ሳጥን ላይ ሲጨናነቅ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በእጅ ዳስሶ «ይሄኛው ይሞቃል፣ ያኛው አይሞቅም» ብሎ መፍረድ ያሳስታል። ላፕቶፕ እየሞላ ጋን ቻርጀር ቢግል ያለ ነገር ነው። የፕላስቲክ ሽታ ካመጣ፣ ወይም ስልክ ብቻ ተሰክቶበት እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ንቀሉትና ተዉት።

ከዚህ የሚከተል ምክር አለ። ትንሽ ቻርጀር አየር ይፈልጋል። ትራስ ሥር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ከሶፋ ጀርባ ተወሽቆ መሥራት የለበትም። ይህ ለነባሩም ይሠራል፣ ለጋን ግን ይብሳል። ደህና የሆኑት ሲግሉ የሚሰጡትን ኃይል ራሳቸው ይቀንሳሉ። «መጀመሪያ ቶሎ ይሞላል፣ ከዚያ ይዘገያል» የሚባለው ቅሬታ አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። ሌላው ምክንያት ስልኩ ራሱ ነው፤ ባትሪው ወደ መሙላቱ ሲቃረብ ፍጥነቱን ሆን ብሎ ይቀንሳል።

ሙቀት የቻርጀሩን ዕድሜም ይነካል። ውስጡ ያሉት ክብ ክብ ካፓሲተሮች በሙቀት ብዛት ይደርቃሉ። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ግምት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ጋን ሙቀት በመቀነሱ እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ አምራቹ ሁሉንም በጠባብ ሳጥን ካጨናነቀው ግን ያው ጥቅም ተመልሶ ይጠፋል።

የኤሌክትሪክ ቁጠባስ? አትጠብቁ። የ5 ዋት ልዩነት በቀን ሦስት ሰዓት በሙሉ ኃይል ብትሠሩበት እንኳ በዓመት 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ለዚያ ብሎ ቻርጀር የሚቀይር ሰው ካለ ሌላ ምክንያት ፈልጉለት።

ፍጥነትን የሚወስነው ማን ነው?

ስልካችሁ ነው። ቻርጀሩ «ይህን ያህል መስጠት እችላለሁ» ይላል። ስልኩ የሚፈልገውን ይመርጣል። በታይፕ ሲ ሲገናኙ ንግግሩ የሚጀምረው ከ5 ቮልት ነው። ከተግባቡ ወደ 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት ይወጣል። ይህ የመግባቢያ ቋንቋ ፓወር ዴሊቨሪ ይባላል፤ በአጭሩ ፒዲ። ስለዚህ «100 ዋት ቻርጀር ስልኬን ያቃጥልብኛል» የሚለው ፍርሃት በደንብ ለተሠራ ቻርጀር አይሠራም። 25 ዋት የሚቀበል ስልክ ከ100 ዋቱም 25ን ብቻ ነው የሚወስደው። በተቃራኒው ደግሞ ከ100 ዋቱ ምንም ተጨማሪ ፍጥነት አያገኝም።

ሁሉም ስልክ ግን ፒዲን በእኩል አይናገርም። የሳምሰንግ ስልኮች በ25 ወይም በ45 ዋት እንዲሞሉ ከፈለጋችሁ ቻርጀሩ ፒፒኤስ የሚባለውን ማወቅ አለበት። ፒፒኤስ የፒዲ ቅጥያ ነው፤ ቮልቴጁን በትንንሽ እርምጃ፣ በ20 ሚሊቮልት ልዩነት፣ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። 65 ዋት የተጻፈበት ጋን ፒፒኤስ ከሌለው ሳምሰንጋችሁ ከነባሩ ኦሪጅናል ቻርጀር ዘግይቶ ሊሞላ ይችላል። እንደ ኦፖና ዋንፕላስ ያሉት ደግሞ የራሳቸው የፈጣን መሙያ ዘዴ አላቸው። ሙሉ ፍጥነታቸውን የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ቻርጀርና በራሳቸው ኬብል ነው። የእነዚህ ስልክ ባለቤት ከሆናችሁና ዓላማችሁ ፍጥነት ብቻ ከሆነ፣ ከካርቶኑ የወጣውን ቻርጀር ይዛችሁ ተቀመጡ።

ላፕቶፕ ላይ ጨዋታው ይለያል። እዚያ ዋቱ ወሳኝ ነው። የላፕቶፓችሁን ነባር ቻርጀር ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። 65 ዋት ካለ 65 ወይም ከዚያ በላይ ፈልጉ። 30 ዋት ብትሰኩበት አንዳንዱ ላፕቶፕ እምቢ ይላል፤ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ከባድ ሥራ ስትጀምሩ ደግሞ ተሰክቶ እያለ ባትሪው ይወርዳል። ላፕቶፓችሁ በክብ ቀዳዳ የሚሞላ የቆየ ሞዴል ከሆነ ይህ ሁሉ ወሬ ገና አይመለከታችሁም። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ሁሉም ቻርጅ አይቀበልም፤ አንዳንዱ ፋይል ብቻ ነው የሚያስተላልፍ። ይህን ሳያረጋግጡ ገዝተው የተበሳጩ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

ካርቶኑን አትመኑ፣ ጀርባውን አንብቡ

ካርቶን ላይ «120 ዋት ሱፐር ፋስት» በትልቁ የተጻፈበት ቻርጀር በእጄ ገብቶ ያውቃል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን 5 ቮልት 3 አምፔር፣ 9 ቮልት 2 አምፔር፣ 12 ቮልት 1.5 አምፔር ይላል። አባዙት። 15፣ 18፣ 18። የ18 ዋት ቻርጀር ነው። ቮልቱን በአምፔር ማባዛት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ፤ ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግም። ላፕቶፕ የሚሞላ ከሆነ 20 ቮልት የሚል መስመር መኖር አለበት። 20 ቮልት በ3.25 አምፔር 65 ዋት ነው።

ጋን መሆኑንስ በምን ታውቃላችሁ? ሳይከፈት በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። መጠኑ ግን ፍንጭ ይሰጣል። 65 ዋት ተብሎ የድሮውን ጡብ የሚያክል ከሆነ ጋንነቱ ምን ጠቀመ? 20 ዋት ላይ ደግሞ «ጋን» የሚለው ጽሑፍ ብዙም አያስደንቀኝም። በዚያ ኃይል የሲሊኮኑም ቻርጀር ትንሽ ነው። ልዩነቱ ዓይን የሚገባው ከ45 ዋት ወደ ላይ ነው። አፕል የመጀመሪያውን ጋን ቻርጀር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ለ16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ ያውም በ140 ዋት፣ መሆኑ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። «ጋን 2»፣ «ጋን 3»፣ «ጋን 5» የሚሉት ቁጥሮች ደግሞ ሁሉም አምራች የተስማማበት መለኪያ አይደሉም። የማስታወቂያ ቋንቋ ናቸው። የአንዱ ጋን 5 ከሌላው ጋን 3 ይበልጣል ብላችሁ አትክፈሉ።

ብዙ ፖርት ያላቸው ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። 65 ዋት የተባለው ድምሩ ነው። ላፕቶፑ ብቻውን ሲሰካ 65ቱን ይወስዳል። ስልክ ስትጨምሩ ወደ 45 እና 20 ሊከፈል ይችላል፤ አከፋፈሉ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ሦስተኛው ሲጨመር የባሰ ይሸነሸናል። አዲስ ነገር በሰካችሁ ቁጥርም ብዙዎቹ ለአፍታ ሁሉንም አቋርጠው ንግግሩን እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ለስልክ ችግር የለውም። ባትሪ የሌለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ትንሽ ሞኒተር፣ ተሰክቶበት ከሆነ ግን ጠፍቶ ይበራል። ሁለት ዕቃ አብራችሁ የምትሞሉ ከሆነ የሁለቱን ዋት ደምራችሁ ከዚያ ከፍ ያለውን ግዙ።

ጋን በጠጠር ይደገፋል

ተረቱ እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ይገጥማል። የቻርጀሩ ጠጠር ኬብሉ ነው። ከሁለቱም ወገን ታይፕ ሲ የሆነ ተራ ኬብል 3 አምፔር ነው የሚችለው። በ20 ቮልት ሲሰላ 60 ዋት። ከዚያ በላይ ለማለፍ ኬብሉ ውስጥ «እኔ 5 አምፔር እችላለሁ» የሚል ትንሽ ቺፕ መኖር አለበት። ከሌለው 100 ዋቱ ቻርጀር በራሱ ፈቃድ ወደ 60 ይወርዳል። ሳምሰንግ 45 ዋት ላይም 5 አምፔር የሚችል ኬብል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው የፒዲ 3.1 ደረጃ እስከ 240 ዋት ይፈቅዳል፤ እሱም የራሱ ኬብል አለው። ስለዚህ «አዲስ ጋን ገዛሁ፣ ምንም ለውጥ የለም» ከማለታችሁ በፊት ኬብሉን ቀይራችሁ ሞክሩ።

ነባሩ የሚሻልበት ጊዜ አለ

አለ፣ እና ጥቂት አይደለም። ስልክ ብቻ ነው የምትሞሉት፣ ቻርጀሩ ከአልጋችሁ ራስጌ አይነቃነቅም፣ ፍጥነቱም ይበቃችኋል። ለዚህ ሰው ጋን ምንም አይጨምርለትም። ጥሩ የተሠራ ነባር ቻርጀር በርካሽ ከተሠራ ጋን ይበልጣል። ያለምንም ማመንታት ነው ይህን የምለው። ከግድግዳው የሚመጣውን አደገኛ ቮልቴጅ ከእጃችሁ የሚለየው ውስጥ ያለው ርቀትና መከላከያ ነው። ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ያን ርቀት መጠበቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትልቁ ሳጥን ዝርክርክ ሠራተኛን በመጠኑ ይምራል። ትንሹ አይምርም።

የኤሌክትሪክ መስመራችሁ የሚዋዥቅ ከሆነም አንድ ነገር እወቁ። ሲሊኮን ትራንዚስተር ለቅጽበት ከአቅሙ በላይ ቮልቴጅ ቢመጣበት ትርፉን በራሱ አሳልፎ ሊተርፍ ይችላል። ጋን ይህ ባሕርይ የለውም። ስለዚህ አምራቾች ሰፋ ያለ መጠባበቂያ ይተዉለታል፤ 650 ቮልት እንዲችል ተደርጎ የሚሠራው ብዙ ነው። በደንብ የተሠራው ላይ ይህ አያሳስብም። ስም የሌለው ርካሽ ጋን ላይ ግን መጠባበቂያውም ከለላውም መጀመሪያ የሚቆረጡ ወጪዎች ናቸው።

ሌላም አለ። ብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ እየሞላ ስትነኩት እጅ ላይ የሚነዝር ነገር ተሰምቷችሁ ያውቃል? ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ላይ የሚከሰት ነው። መሬት የሚወስደው ሦስተኛ እግር ስለሌለ ጥቂት ኃይል በገላው ላይ ይቀራል። ቻርጀሩ ጤነኛ ከሆነ አደጋ የለውም፣ ግን ይረብሻል። ከላፕቶፑ ጋር የመጡት ጡቦች ብዙዎቹ ባለ ሦስት እግር ናቸው። ትንንሾቹ የጉዞ ጋኖች ባለ ሁለት እግር ይሆናሉ። ስለዚህ ጡቡን ስትተዉ ይህንንም ትተዋላችሁ።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ላፕቶፕ፣ ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ጋን ይግዛ። ባለ 65 ዋት፣ ቢያንስ ሁለት ታይፕ ሲ ያለው፣ ፒፒኤስ የሚያውቅ። ሦስት ቻርጀር በአንድ ይተካለታል። ላፕቶፑ ከፍ ያለ ኃይል የሚጠይቅ ከሆነ 100 ዋትና ባለ 5 አምፔር ኬብል። ተማሪ ሆኖ ታብሌትና ስልክ ብቻ ያለው ከ30 እስከ 45 ዋት ይበቃዋል፤ ጋንም ሆነ ሌላ፣ አስተማማኙን ይምረጥ። ጌም መጫወቻ ላፕቶፕ ያለው፣ 180 ዋትና ከዚያ በላይ የሚጠጣውን ማለቴ ነው፣ የራሱን ቻርጀር ይያዝ። ትንሹን ጋን ለመንገድ፣ ለቀላል ሥራ ብቻ ይጠቀምበት።

ቤት ውስጥ ደህና ቻርጀር ያለው ሁሉ ደግሞ እስኪበላሽበት ይጠቀምበት። እኔም አሮጌዋን ጡብ አልጣልኳትም። ጠረጴዛዬ ሥር እንደተሰካች ናት፣ እዚያ ማንም አይሸከማትም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ትንሿ ናት፣ ከአንድ ባለ 5 አምፔር ኬብል ጋር።